የኋላው ወንበር

በእናቴ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ በሸራ የተሸፈነች አንዲት ፊያት 127 ቆማለች። አባቴ በ1979 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ የገዛት አሮጌ መኪና ናት። በመምህርነት ደመወዙ ዕዳዋን ከፍሎ እስኪጨርስ ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት እናቴ ዛሬም በጣቶቿ እየቆጠረች ትነግረናለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የተመላለስነው፣ ጤፍ ከእህል በረንዳ የመጣው፣ አያታችን ሆስፒታል ሄዳ ያልተመለሰችው በዚህችው መኪና ነው። አባቴ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። «የሌላትን ጉልበት አልለምናትም» ይል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ሞተሯ ተነሥቶ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ስቱትጋርት የሚኖረው ወንድሜ ደወለልኝ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «የአባባን መኪና ሬስቶሞድ እናድርጋት» አለኝ። አዲስ ብርቱ ሞተር፣ ሰፋፊ ጎማ፣ በልክ የተሰፋ የቆዳ ወንበር፣ ጥቁር ቀለም። «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ አንተ ጋራዥ ፈልግ።» ደስ አላለኝም። የሟች አባትን ካፖርት ቆርጦ የጭፈራ ልብስ እንደ መስፋት መሰለኝ። «አስብበታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ። ስለ መኪና ያለኝ ዕውቀት ከታክሲ ተሳፋሪ ዕውቀት አይበልጥም ነበር። ወንድሜን በክርክር ለመርታት ስል ግን የእነዚህን የታደሱ መኪኖች ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ውድ አንባቢ፣ ለሙግት የጀመርኩት ንባብ ራሴን ሙግት ውስጥ ከቶኛልና እነሆ ታሪኩን ላካፍልህ። የአውሮፓዎቹን መኪኖች የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የቤታችንን ነገር ግን በራሳችን ዘመን እቆጥራለሁ።

በቅድሚያ ስሙን እንፍታው። «ሬስቶሞድ» ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጠው የተጋቡበት ቃል ነው፤ አንደኛው ማደስ፣ ሁለተኛው ማሻሻል ማለት ነው። መኪና የሚያድስ ሰው ከፋብሪካ እንደ ወጣችበት ቀን ሊመልሳት ይደክማል። ሬስቶሞድ የሚሠራው ግን የጥንት መልኳን ይጠብቅና ሞተሯን፣ ፍሬኗን፣ ሞላዋን፣ መብራቷን በዘመኑ ጥበብ ይለውጣል። ስሙ የቅርብ ጊዜ ቢሆንም ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የያዘው ደግሞ ኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት የአንዲት ትሑት የፈረንሳይ መኪና፣ የሬኖ 5 ታሪክ ነው።

በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ በሬኖ ኩባንያ ሚሼል ቡዌ የሚባል ንድፍ ሠሪ ነበር። ይህ ሰው ማንም ሳያዘው፣ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት፣ አንዲት ትንሽ መኪና በወረቀት ላይ ሳለ። አለቆቹ ንድፉን ባዩ ጊዜ በጣም ወደዱትና ሥራው በይፋ እንዲጀመር ፈቀዱ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። በምሳ ሰዓት፣ በባንኩ የተበላሹ ቅጾች ጀርባ ላይ ስንኝ የሚሞነጫጭር ሰው ይህን ታሪክ እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይችልም።

ሬኖ 5 በ1972 ለገበያ ቀረበች። ሁለት የጎን በሮችና አንድ የኋላ በር ነበሯት። ፓራውልቷ እንደ ዘመኑ ልማድ የሚያብረቀርቅ ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ነበር፤ በጠባብ መንገድ ቆማ ስትነካካ እንዳትጎዳ የታሰበ ነው። የመጀመሪያዋ ትንሿ ሞተር 782 ሲሲ ስትሆን ጉልበቷ ከ40 ፈረስ በታች ነበር። ከኋላ የመንኮራኩሮቹን ክብደት የሚሸከሙት የብረት ዘንጎች አንዱ ከሌላው ፊት ስለሚተኙ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በቀኝና በግራ እኩል አልነበረም። ቀኙ ከግራው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ባለች መኪና ሲነዱ ኖረው ልዩነቱን ልብ ያሉት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር አውሮፓ ፊቱን ወደ ትንንሽ መኪኖች አዞረ። ሬኖ 5 የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የተማሪውም መኪና ሆነች፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሠራች። ቡዌ ግን ይህን ሁሉ አላየም። መኪናዋ ለገበያ ከቀረበች ከጥቂት ወራት በኋላ በካንሰር ሞተ።

እዚህ ላይ የአባቴ መኪና ትዝ አለችኝ። ፊያት 127 የሬኖ 5 የዕድሜ እኩያ ናት፤ በ1971 ወጣች። ያኔ የኋላ መስኮቷ የማይከፈት፣ እቃ መጫኛዋ ለብቻው የሆነ መኪና ነበረች፤ ወደ ላይ የሚከፈተው በር በ1972 ተጨመረላት። የነደፋት ፒዮ ማንዙ የታወቀው ቀራፂ የጃኮሞ ማንዙ ልጅ ነው። እርሱም በ1969፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ወደ ቱሪን ሲጓዝ በመኪና አደጋ ሞተ፤ መኪናው ለሕዝብ ስትቀርብ አላየም። ለካስ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በቀስታ የነዳት መኪና የአንድ ወጣት የመጨረሻ ሥራ ኖራለች! በቤታችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ሬኖ 5 ልመለስ። በ1976 የኩባንያው ባልደረባ የሆነው ዣን ቴራሞርሲ እንግዳ ሐሳብ አመጣ። ይህችን ትሑት የገበያ መኪና፣ መልኳን ሳያጠፋ፣ በዓለም የራሊ ውድድር የምትሮጥ ብርቱ መኪና ማድረግ ፈለገ። ሕዝብ የሚያውቃት መኪና ብታሸንፍ፣ በጎረቤቱ ደጅ የቆመችው ሁሉ የድሉ ተካፋይ ትሆናለች ማለት ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ቀላል አልነበረም። ሬኖ 5 ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚጎትቷትም የፊት ጎማዎቿ ናቸው። እነዚያው ጎማዎች መሪም ተቀብለው ጉልበትም ማስተላለፍ አለባቸው። መኪና በኃይል ስትነሣ ደግሞ ክብደቷ ወደ ኋላ ያመዝናል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ መያዝ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ትንሽ ጉልበት ላላት መኪና የተመቸው አሠራር ትልቅ ጉልበት ሲጨመርበት ይከዳል።

መፍትሔው ሞተሩን ከፊት አንሥቶ ከሾፌሩ ጀርባ ማስቀመጥ፣ ጉልበቱንም ለኋላ ጎማዎች መስጠት ሆነ። ከጣሊያኑ የንድፍ ቤት ከቤርቶኔ ጋር ተመካክረው የኋላ ጎማዎቿን አሰፉ፤ ጎማዎቹን የሚሸፍነው ላሜራም እንደ ትከሻ አበጠ፤ በዚያ እብጠት ፊት አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተከፈቱ። ጣሪያዋና በሮቿ እንዲቀልሉ ከአሉሚኒየም ተሠሩ። የሚገርመው የሞተሩ ነገር ነው። አዲስ ሞተር አልፈጠሩላትም። ከ1962 ጀምሮ በልዩ ልዩ የሬኖ መኪኖች ያገለገለውን የብረት ሞተር ወሰዱና፣ በ1397 ሲሲ መጠኑ፣ ቱርቦ ገጠሙለት። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሥራ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። ጭሱ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እርሷ ደግሞ ጓደኛዋን እያዞረች አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይነዳል። እንደዚህ ሆኖ ያ አሮጌ ሞተር 160 ፈረስ ያህል ጉልበት አወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ የሰምና ወርቅ ልማድ ያለን ሕዝብ ይህን መኪና ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ጊዜ የሚሸከም ኅብር ቃል አለ። የሬኖ 5 ቱርቦ ኅብር ቃሏ የኋላ በሯ ነው። ተራዋ ሬኖ 5 የኋላ በሯ ሲነሣ የገበያ ዘንቢል ይታያል፤ ቱርቦዋ ስትከፈት ከመክደኛው ሥር ሞተር አለ። በሩ ያው በር፣ እጀታው ያው እጀታ ነው።

ቴራሞርሲ ይህን በር ሲከፈት አላየም። ሐሳቡን ባመጣበት በዚያው በ1976 ሞተ። ሥራውን ሌሎች ተረክበው ቀጠሉ። በ1978 በፓሪስ የመኪና ዐውደ ርእይ የመጀመሪያ ሞዴሏ ታየ፤ በ1980 ምርቷ ተጀመረ። በዘመኑ ሕግ እርሷ በምትገባበት ምድብ ለመወዳደር ቢያንስ 400 መኪኖች ተሠርተው መገኘት ነበረባቸው። በዲየፕ ከተማ የሚገኘው የአልፒን ፋብሪካ 400ውን ሠርቶ አላቆመም፤ ፈላጊ በዝቶ ሥራው ለዓመታት ቀጠለ። ዘግይቶ የወጣውን ቱርቦ 2 ጨምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ መኪኖች ተሠሩ።

በጥር 1981 ዣን ራኞቲ ከረዳቱ ከዣን ማርክ አንድሪዬ ጋር በዚህች መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ። የሞንቴ ካርሎ ውድድር በክረምት፣ በአልፕስ ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ፣ በበረዶ ላይ የሚካሄድ ነው። በዚያው ውድድር አራቱም ጎማዎቿ የሚገፉት አውዲ ኳትሮ ተሰልፋ ነበር፤ የወደፊቱ ጊዜም የእርሷ ዐይነት መኪኖች እንደሚሆን ብዙዎች ተረድተው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ድሉ በሁለት ጎማ የምትገፋው፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የመምህር መኪና የምትመስለው ሬኖ ሆነ። ራኞቲ በ1982 እና በ1985ም የኮርሲካን ራሊ በዚህችው ዘር አሸንፏል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ወንድሜ ትክክል ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀመርኩ። ትሑት ነገር መለወጥ መድፈር ከሆነ፣ ፈረንሳዮቹ ደፍረዋል። ቢደፍሩም ባያስከብሯት ኖሮ ዛሬ ስለ ሬኖ 5 በአዲስ አበባ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ይሁንና ታሪኩ የጠየቀውን ዋጋ መሸሸግ አይገባም። ሞተሩ የተቀመጠበት ቦታ የኋላው ወንበር የነበረበት ነው። ሬኖ 5 ቱርቦ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ቤተሰብ ለማመላለስ የተሳለችው መኪና፣ ታላቅ በሆነችበት ቀን ልጆቹን ከመንገድ አውርዳለች።

ልጆቹን ሳያወርድ የከበረ ሌላ መኪና መኖሩን ደግሞ ከጣሊያን ታሪክ አገኘሁ። ላንቺያ ዴልታ በ1979 የወጣች፣ ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፋት ባለ አምስት በር የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ ሞተሮቿም 1.3 እና 1.5 ሊትር ብቻ ነበሩ። በ1986 በራሊ ውድድሮች ላይ ሾፌሮችና ተመልካቾች ካለቁ በኋላ ምድብ ቢ የተባለው፣ ጉልበት ልክ ያጣበት የውድድር ምድብ ተሰረዘ። ከ1987 ጀምሮ ተወዳዳሪዋ መኪና በ12 ወራት ቢያንስ 5,000 ከተሠራላት የገበያ መኪና የተገኘች መሆን ነበረባት። ላንቺያ ያችኑ የቤተሰብ ዴልታ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሰጣት፤ አራቱንም ጎማዎች እንዲገፉ አደረገ። አምስቱ በሮችና የኋላው ወንበር በቦታቸው ቀሩ። ዴልታ ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ተከታታይ ዓመታት የዓለምን የራሊ የአምራቾች ዋንጫ ወሰደች። ሚኪ ቢያዚዮን በ1988 እና በ1989 በጎረቤታችን በኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው በእርሷ ነው። የኬንያ አቧራና ጭቃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ድል አያቃልለውም።

እንግዲህ የዛሬዎቹ ሬስቶሞዶች የእነዚህ መኪኖች የልጅ ልጆች ናቸው። መንገዱን ካስታወቁት አንዱ በ2009 በካሊፎርኒያ ሲንገር የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ሮብ ዲኪንሰን ነው፤ ቀድሞ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር፤ የድርጅቱም ስም «ዘፋኝ» ማለት ነው። እርሱ የሚሠራው በአሮጌ ፖርሸ 911 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥበቡ ወደ ትንንሾቹም መኪኖች ተሻገረ። በ2018 ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ አሞስ ዴልታን እንደገና ሠርቶ «ፉቱሪስታ» አላት። 330 ፈረስ ጉልበት ሰጣት፤ 20 ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ የአንዷም ዋጋ ከ300,000 ዩሮ ይጀምር ነበር። ሁለቱን የኋላ በሮችም አስወገዳቸው። በ2021 ደግሞ ሌዣንድ ኦቶሞቢል የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት የሬኖ 5ን ቀፎ መነሻ አድርጎ «ቱርቦ 3»ን ለሕዝብ አሳየ። ገላዋ ካርቦን ፋይበር፣ ጉልበቷ 400 ፈረስ፣ መልኳ የ1980ዋ ናት። ሬኖ ራሱ በበኩሉ በ1980 ዓመት መታሰቢያነት 1,980 ብቻ የሚሠሩ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዱ፣ ጉልበታቸው ከ500 ፈረስ የሚበልጥ «ቱርቦ 3ኢ» መኪኖችን እንደሚያወጣ በ2025 በዝርዝር አስታውቋል።

ሥራው የሚሠራበት መንገድ ትዕግሥትን ይጠይቃል። አሮጌዋ መኪና እስከ ባዶ ቀፎዋ ትፈታለች። ቀለሟ ይገፈፋል፤ ዝገቷ ይቆረጣል፤ የደከመው ላሜራ በአዲስ ይተካል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንደ ሙሽራ ልብስ አስለኪ ይጠየቃል፤ የቆዳው ቀለም፣ የስፌቱ ክር፣ የመሪው ውፍረት፣ የማርሹ እጀታ። ሁለት አንድ ዐይነት መኪኖች አይወጡም።

የባንክ ሰው ነኝና ዋጋው አሳሰበኝ። በሒሳብ መዝገብ መኪና በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይያዝባታል፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ ዋጋዋ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በእኛ ገበያ ግን አሮጌ መኪና ዋጋዋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ብዙም አይታይም፤ መግዛት የሚችል ጥቂት፣ የሚፈልግ ብዙ ስለሆነ ነው። አሮጌዋን መጠገን ለእኛ ጌጥ ሳይሆን ኑሮ ነው። ከ300,000 ዩሮዋ ዴልታ ፊት ስቆም የመጣብኝ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነበር። ቡዌ በትርፍ ሰዓቱ የሳለው ለማን ነበር? ለመምህሩና ለነርሷ ነበር። ቴራሞርሲ ያሰበውስ? በውድድሩ መንገድ ዳር በብርድ ቆሞ ለሚያይ፣ የራሱን ሬኖ ለሚያስታውስ ሕዝብ ነበር። የዛሬዋስ? ብዙዎቹ በመጋረጃ በተሸፈነ ጋራዥ ውስጥ እንዳያቧሩ ይቆማሉ። በጥበብ ረገድ ከቀደሙት ይበልጡ ይሆናል፤ የሚወርሳቸው ሰው ግን እየጠበበ ሄዷል።

ይህን ሐሳቤን ይዤ አባቴ መኪናውን ያሠራበት ወደነበረ ጋራዥ ሄድኩ። ባለ ጋራዡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የወንድሜን ዕቅድ ስነግራቸው አልሳቁብኝም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ሞተር መለወጥ ቀላሉ ነው» አሉኝ። «127 የወጣችው በ903 ሲሲ፣ ከ50 ፈረስ በታች ጉልበት ይዛ ነው። ፍሬኗም፣ ፍሪሲዮኗም፣ ካምቢዮዋም፣ ሞላዋም፣ ቀፎዋም ለዚያ የተለኩ ናቸው። ሦስት እጥፍ ጉልበት ከሰጠሃት ሁሉንም ሦስት እጥፍ ልትሰጣት ነው። አለዚያ ለወንድምህ መኪና ሳይሆን ሬሳ ሳጥን ነው የምሠራለት።» ሬኖዎቹ ሞተሩን ብቻ ለውጠው ያላቆሙት ለምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእርሳቸው በተሻለ ገባኝ።

እርሳቸው ሲናገሩ ቃላቱን እያዳመጥኩ ነበር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ስፖኪዮ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ በእኛ ጋራዦች ግን ተሰብረው፣ ተጠግነው፣ አማርኛ ሆነዋል። የቱሪን ሰው ቢሰማቸው ግማሹን አይለየውም። ለካስ የእኛ መካኒኮች ሬስቶሞድ የሚለውን ስም ሳይሰሙ፣ መኪናውንም ቃሉንም ሲያድሱና ሲያሻሽሉ ኖረዋል። ለሌለ መለዋወጫ ምትክ ቀርጸው፣ የሌላ መኪና ዕቃ አስማምተው፣ ባለቤቱ ነገ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዲያደርስ አድርገዋል።

ማታ የጋሼን ቃልና የወንድሜን ዕቅድ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ሞተሩም፣ ስለ ቀለሙም፣ ስለ ወጪውም አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ያን ጊዜም ሁላችንን ትይዛለች?» አለችኝ።

እኔም ያን ሌሊት ስለ ወንድሜ አሰብኩ። አባባ ባረፈበት በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነበር፤ ወንድሜ ሊመጣ አልቻለም። ቀብሩን በስልክ ነው ያየው፤ ስልኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምስሉ ጥርት ብሎ እንዳልታየው በኋላ ነግሮኛል። ለአባቱ አንድ ቋጥኝ አላነሣም፤ አንድ አፈር አልጨመረም። ማንም ሳያዘው፣ ከፋብሪካ ሥራው በተረፈው ሰዓት፣ በሌሊት፣ ስለ አባቱ መኪና ሲያነብና ሲያሰላ የከረመው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ሐሳቡን የጭፈራ ልብስ ብዬው ነበር።

በማግሥቱ ደወልኩለት። ስለ ቡዌ፣ ስለ ቴራሞርሲ፣ ስለ ወጣቱ ማንዙ ነገርኩት። ጋሼ ስለ ፍሬኑና ስለ ሞላው ያሉትንም አልደበቅኩትም። ፍሬኗ ይለወጥ፤ ዝገቷ ይቆረጥ፤ ለሁሉም ወንበር ቀበቶ ይደረግ፤ ሞተሯ እስከ ፒስተኗ ይፈታና ይታደስ፤ ቀፎዋ የሚችለውን ያህል ጉልበትም ይጨመርላት፤ በፋሲካ ና፣ ቀለሟን አንተ ምረጥ አልኩት። ደስታው ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«አንድ ነገር ብቻ አለኝ» አልኩት። «የኋላው ወንበር አይነካም።»

ዝም አለ። እርሱም ያን ወንበር እንደማይረሳው ዐውቃለሁ፤ በቀኝ በኩል በእስክሪብቶ የጻፍነው ስማችን ዛሬም ይነበባል። ቆይቶ፣ «ታዲያ ከኋላ ማን ሊቀመጥ ነው? እኛ እኮ አድገናል» አለኝ።

«ልጆችህ» አልኩት።